የተሰረዘው ሰሌዳ

ጋሽ መዳብን ሞተው ያገኘቻቸው ልጃቸው ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ ሱቋ ከአባቷ የሥዕል መሥሪያ ቤት ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ትኩስ ዳቦ ታደርስላቸው ነበር። የዚያን ዕለት በሩ አልተቆለፈም። ሽማግሌው ከትልቁ የእጅ ማተሚያ አጠገብ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ከጆሯቸው በላይ ያለው ቁስል ደሙ ደርቋል፤ ዓይናቸው ግን ተገልጦ፣ ከበላያቸው ገመድ ላይ የተሰጡትን ሥዕሎች አንድ በአንድ የሚያይ ይመስል ነበር። ልጅቱ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የአባቷን ዓይን ከደነች፤ ከዚያ ወጥታ ፖሊስ ጠራች። ለምን እንዳልጮኸች በኋላ ስትጠየቅ እሷም አላወቀችውም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ጭጋጉ ገና አልገፈፈም ነበር። ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ማስታመም አትወድም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተኳርፈው ነው የሚኖሩት። አብሯት የሚሠራው ሃምሳ አለቃ ገና ወጣት ነው፤ ሰው ፊት «ኢንስፔክተር»፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «እትዬ» ይላታል፤ ነገር ቶሎ መቁረጥም ይወዳል።

«ወድቀው ነው እትዬ» አላት ገና ከመግባቷ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ወለሉ ዘይት አለው፣ ማተሚያው ብረት ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችው፤ ቀና ብላም ሥዕሎቹን ማየት ጀመረች።

ገመዱ ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ ያቋርጣል። የተሰጡት ወረቀቶች ሁሉ የአንድ ሥዕል ቅጂዎች ይመስላሉ፤ የሚያሳዩትም ራሱን ይህንን ክፍል ነው። በመጀመሪያው ላይ አንዲት ሴት መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ብርሃኑ ጉልበቷ ላይ ፈሷል። በሁለተኛው ቀና ብላለች። በሦስተኛው ፊቷን ወደ በሩ መልሳለች። ቀጥሎ ባለው ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሴትዮዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ግን ወረቀቱ ትንሽ ነጣ ብሎ፣ ሰው ተነሥቶ የሄደበት ትራስ የመሰለ ነገር ይታያል። ከዚያ የሚቀጥለው ጨለማ ነው፤ በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩ ኋላ ያለው ጥቁረት በደቃቅ ጭረት ተደራርቦ ተደራርቦ የሚተነፍስ ይመስላል። ከሱ ቀጥሎ ምንም ያልያዙ ሁለት መቆንጠጫዎች አሉ። በመጨረሻ ገመዱ ጫፍ ላይ አንድ ወረቀት ተሰቅሏል፤ ሁለት ደማቅ መስመሮች ከጥግ እስከ ጥግ እየተሻገሩ ክፍሉን፣ መስኮቱንና ወንበሩን ቆርጠውታል። በሩ ላይ ደግሞ ግራጫ ደመና አለ፤ ቁመቱ የሰው ያህል ነው። ሰው መጋረጃ ኋላ ቆሞ ሲያይ እንዲህ ነው የሚመስለው።

ኢንስፔክተሯ ጫፉን በጣቷ ነካ አደረገችው። ቀለሙ አልደረቀም።

ማተሚያው ላይ ያለው የመዳብ ሰሌዳም እንዲሁ ሁለት ጥልቅ ጭረት ተጭሮበታል። እሷ ሥዕሉን ታያለች፣ ክፍሉን ታያለች። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ ግን አይደለም። በሥዕሉ ላይ ማተሚያው ከኋላ ግድግዳ ሥር ነው፤ አሁን ያለው መስኮቱ ሥር፣ የሴትዮዋ ወንበር በነበረበት ነው። ይሁን፣ ዕቃ ይዛወራል፤ የጀርባዋን ቆዳ የሚያሳክካት ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሌላ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ልትለየው አልቻለችም፤ እንዲህ ሲሆን ትናደዳለች።

«የጎደለ አለ» አለች ባዶዎቹን መቆንጠጫዎች እያሳየች። «የወደቀ ሰው ገመድ ላይ ያለ ሥዕል ይዞ አይሄድም።»

ሃምሳ አለቃው ተጠግቶ አየና ሌላ ነገር ጠየቀ፤ በየመቆንጠጫው ጥርስ መካከል ያለችው ትንሽ የታጠፈች ወረቀት ምን ትሠራለች? ኢንስፔክተሯም አላወቀችም። መቆንጠጫው ሥዕሉን እንዳይነክሰው ይሆናል ብላ ገመተች። ጫፍ ላይ ያለው የተሰረዘውም ወረቀት እንደ ሌሎቹ በሁለት የታጠፉ ወረቀቶች ተጠንቅቆ ተሰቅሏል።

*

ልጅቱ ሱቋን አልዘጋችም። ብዘጋው ምን ልሠራ ነው አለች። ኢንስፔክተሯ ባልተጨረሱ ልብሶች መካከል ተቀመጠችና ሁለቱም ሻይ ፉት እያሉ አወሩ። ልጅቱ ስታወራ እጇ ዝም አይልም፤ አንድ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

የአባቷን ሥራ በቀላሉ አስረዳቻት። መዳቡ በስስ ሰም ይቀባል፤ ሰሙ ላይ በመርፌ ይሳላል፤ አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ መርፌው የከፈተውን ብቻ ይበላዋል። ጭረቱ ቀለም ይሞላል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ የራሰ ወረቀት ተጭኖበት በማተሚያው ሲያልፍ ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ሠዓሊው ያን አይቶ ካልረካ ወደ መዳቡ ይመለሳል፤ ይጨምራል፣ ይፍቃል፣ እንደገና ያሳትማል። በነሱ ቤት እያንዳንዱን «ዕድሜ» ነው የሚሉት፤ አንደኛ ዕድሜ፣ ሁለተኛ ዕድሜ እያሉ።

«መጨረሻው ሲደርስ ሰሌዳው ይሰረዛል» አለች። «ከእንግዲህ ማንም እንዳያትመው። ከዚያ አንድ ቅጂ ይታተማል፤ መሞቱ እንዲታይ። አባዬ ‹ቀብር የሌለው ሞት ወሬ ነው› ይል ነበር።»

«ይሄኛውን ሊሰርዙት አስበው ነበር?»

«‹ከኔ ቀድሞ አይሞትም› ነበር የሚለው።»

ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ኢንስፔክተሯ ስትጠይቅ ልጅቱ ጨርቁን አስቀመጠች። እናቷ ናት። ልጅቱ የወተት ጥርሷ በሚነቀልበት ጊዜ፣ አባቷ በትኩሳት አልጋ ላይ ወድቀው ሳለ፣ እናቷ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። አውቶቡስ ስትሳፈር አጎቷ አይተዋታል። ልብሷም ከቁም ሳጥኑ ጠፋ። አባቷ ከሐኪም ቤት ወጥተው የመጀመሪያ ሥራቸው ያ ሰሌዳ ሆነ፤ ይኸው እስከ ትናንት አላለቀም።

«እጠላዋለሁ» አለች ልጅቱ። «ሰሌዳውን ማለቴ ነው። እናቴ ጥላኝ ሄደች፣ በቃ፤ የብዙ ሰው እናት ትሄዳለች። እሱ ግን ያስቀምጣታል፣ ያነሣታል፣ ደግሞ ያስቀምጣታል። ትኩሳት ላይ ሆኖ ያየው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ በደንብ አላስታወሰውም። እያስታወሰ ይጨምራል። አጎቴ ‹የትኩሳት ቅዠት ነው› ይለዋል፣ እሱ አይሰማም።»

ኢንስፔክተሯ አዘነችላት። የእናት ነገር «በቃ» ተብሎ የሚዘጋ በር እንዳልሆነ ከልጅቱ እጅ ይታይ ነበር።

ማን ነበር የሚያትምላቸው? አባቷ ደህና በሆኑ ቀን ራሳቸው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን አጎቷ። ትናንት ማን መጣ? የሥዕል ነጋዴው። ጭቅጭቁ እስከ ሱቋ ይሰማ ነበር።

*

የሥዕል ነጋዴው መደበቅ አልሞከረም፤ መደበቅ የሚችል ሰውም አይደለም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ የሥዕል ቦርሳ በግራ ትከሻው ስለተሸከመ ግራ ትከሻው ወርዶ ቀርቷል። አዎ ተጣልተናል አለ። ሰሌዳው ይሰረዝ ብሎ ለምኗቸው ነበር። ሰሌዳ ከተሰረዘ በሰው እጅ ያለው ቅጂ ይወደዳል፤ እሱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዕድሜዎች ቅጂዎች ሰብስቦ ቤቱ ሞልቷል። ሽማግሌው አሻፈረኝ አሉ። እሱም ተናዶ ወጣ፤ ከዚያ ብቻውን ሲዞር አመሸ። ማንም አላየውም።

«ስለዚህ ተመልሰህ ራስህ ሰረዝከው» አለ ሃምሳ አለቃው።

ነጋዴው እጁን ዘረጋ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጥፍሩ የተስተካከለ እጅ ነው። «እኔ ከዚህ ቀለም ጋር የምተዋወቀው ከደረቀ በኋላ ነው» አለ።

አጎትየውን ያገኙት ቤታቸው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው። የሽማግሌው ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሲያለቅሱ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። አንዲት ክፍል ናት፤ ንጹህ፣ ዕቃዋ ሁሉ ቦታ ቦታው የተቀመጠ። የማተሚያ መዘውር ሲያዞሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ብሏል፤ ሻይ ሲያቀብሉ መላ አካላቸው አብሮ ያዘነብላል። ጀርባቸውን ስላመማቸው ወደ መሥሪያ ቤቱ ከሄዱ ሰንብተዋል። ትናንት ማምሻውን ሬዲዮ ሲሰሙ ነበር፤ አከራያቸውም ስትጠየቅ ሬዲዮው እስኪያንገሸግሻት ሲጮህ እንደነበረ መሰከረች።

«ወንድሜ በቅርብ ጊዜ ራሱ ነበር የሚያትመው» አሉ በለሆሳስ። «‹ይሄ ሰሌዳ ሲያልቅ እኔም አልቃለሁ› ይለኝ ነበር። ሰርዞት፣ አትሞት፣ ሰቅሎት ነው የሄደው። እንደ ሥራው ነው የሞተው።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ስትሰማ ገመዱ ጫፍ ያለው ግራጫ ደመና ትዝ አላት።

*

ሐኪሙ ነገሩን ቆረጠው። ሽማግሌው አልወደቁም፤ ማተሚያውን ማጥበቂያ በሆነው ብረት ተመትተዋል። ብረቱም ተጠርጎ ቦታው ተመልሶ ተገኘ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቱ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ባለፈው ሳምንት አባቷ «አንቺ ጋ ይቀመጥ» ብለው የሰጧት ነው። ስለምትጠላው ሳትፈታው ከጨርቆቹ ኋላ ወርውራው ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

ከገመዱ ላይ የጎደለው ዕድሜ ነው። ክፍሉ ያው፣ ወንበሩ ባዶ፣ በሩ ክፍት። ከጥቁረቱ ውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ፊት ለፊት ነው የሚያየው፣ ግን ፊት የለውም። ሽማግሌው ፊቱን ገና አልሠሩትም፤ ባዶ፣ እንቁላል የመሰለ ነጭ ቦታ ትተዋል። አካሉን ግን ጨርሰውታል፤ ግራ ትከሻው ወደ ታች ወርዷል።

 ፊት የሌለው ሰው ወደነሱ የሚመጣ እንጂ የቆመ አይመስልም ነበር።

«ነጋዴው ነው» አለ ሃምሳ አለቃው።

ኢንስፔክተሯ ግራጫው ደመና አሁን ገባት። ገዳዩ ይህን ሰው ከመዳቡ ላይ ፍቆታል፤ የተፋቀው መዳብ ጎድጉዶ ቀለም ስለያዘ ሰውየው በደመና ተተካ። ከዚያ ሰሌዳውን ሰረዘው፤ ገመዱ ላይ የነበረውንም ቅጂ ይዞ ሄደ። ሽማግሌው ለልጃቸው ሌላ እንደሰጡ አላወቀም። ልጅቱም ነገሩን አከለችበት፤ ነጋዴው ያኔም እናቷ ሳለች ቤታቸው ይመጣ ነበር፤ ምናልባት እናቷ የሄደችው ከሱ ጋር ተማክራ ይሆናል።

ነጋዴው ታሰረ። አለቆቿም ደስ አላቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላ በልቧ አጉረመረመች እንጂ እሷም የተሻለ አልነበራትም።

ያላስተኛት ነገር እነዚያ የታጠፉ ትንንሽ ወረቀቶች ናቸው። ነጋዴው ሰው ገድሎ፣ ሥዕል ፍቆ፣ ሰሌዳ ጭሮ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ወረቀት አርሶ፣ ቀለም ሞልቶ ጠርጎ፣ አትሞ፣ በሁለት ወረቀት ተጠንቅቆ ይሰቅላል? እንዲያ ለስላሳ እጅ ያለው ሰው? ሽማግሌው ደግሞ ተመትተው ሞተዋል፤ የሞተ ሰው አያትምም።

*

በማግሥቱ ጠዋት ብቻዋን ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰች። ልጅቱ የሰጠቻትን ወረቀት ይዛ ከሽማግሌው የሥራ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ያኔ መኖሪያቸውም ይኸው ክፍል ስለነበረ ሽማግሌው በትኩሳት የተኙበት አልጋ የነበረው እዚሁ እንደነበር ልጅቱ ነግራታለች፤ ሥዕሉ የታየው ከዚህ ነው። ክፍሉን አየች። ሥዕሉን አየች። ያ የሚያሳክካት ነገር ተመለሰ።

ከጠረጴዛው በላይ አንድ አሮጌ መስታወት ተሰቅሏል። ዘወር ስትል የያዘችው ሥዕል መስታወቱ ውስጥ ገባ፤ ኢንስፔክተሯም ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሥዕል ክፍሉን ልክ እንደ ክፍሉ አድርጎ ነበር የሚያሳየው። መስኮቱ በቀኝ፣ በሩ በግራ። በወረቀቱ ላይ ግን መስኮቱ በግራ፣ በሩ በቀኝ ነው። በሁሉም ወረቀቶች ላይ እንዲሁ ነው። ስታየው ሰንብታ አላየችውም።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ፊት አልባ ሰው ደግሞ ቀኝ ትከሻው ነው ዝቅ ያለው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች፤ ግራና ቀኙንም ደግማ አመሳከረች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ልጅቱ ሱቅ ሄደች።

«አባትሽ መስታወቱን ለምን ነበር የሚጠቀሙበት?»

«ለትዕዛዝ ሥራ» አለች ልጅቱ። «መዳብ ላይ የሳልሽው ወረቀት ላይ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ለሰው ሲሠራ በመስታወት እያየ ገልብጦ ይስላል፤ ሲታተም እንዲቃናለት። ያንን ሰሌዳ ግን ለራሱ ነው የሠራው፤ እንዳየው ነው የጫረው።»

«ማተሚያውስ? ማን ነው ወደ መስኮቱ ያዛወረው?»

«አጎቴ። እናቴ በሄደች ሰሞን፣ አባዬ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ። መስኮቱ ሥር ወለሉ ሰምጦ ሊጠገን ተቆፍሮ ነበር፤ እሱ ሲሚንቶ አደረገበትና ማተሚያውን አመጣበት፣ ብርሃን ይሻላል ብሎ።» ልጅቱ ፈገግ አለች። «ሲሚንቶው ሳይደርቅ የእጄን ቅርጽ ላትምበት ፈልጌ ነበር። ጮኸብኝ። አጎቴ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የጮኸብኝ።»

ኢንስፔክተሯ የጠረጠረችውን ልትነግራት አልደፈረችም።

*

አጎትየውን በትሕትና ነው ያስጠራቻቸው። ከተሰረዘው ሰሌዳ አንድ ቅጂ ለምርመራ እንደምትፈልግ፣ ከሳቸው በቀር የሚያትምላት እንደሌለ ነገረቻቸው። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆመ። አጎትየው ትንሽ አንገራገሩ፤ ጀርባዬን ያመኛል፣ እጄም ረስቶታል አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እጃቸው አልረሳም። ወረቀቱን አራሱ፣ ቀለሙን መዳቡ ላይ አሹት፣ በጨርቅ ጠረጉ፣ መጨረሻ ላይ በመዳፋቸው አባበሱት። ሰሌዳውን አስቀምጠው ወረቀቱን አለበሱት፣ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ደረቡበት፣ መዘውሩን ያዙ። ሲያዞሩ ቀኝ ትከሻቸው ይወርዳል፣ ይወርዳል። ወረቀቱን ቀስ ብለው ገልጠው ወደ ገመዱ ወሰዱት። ከኪሳቸው ሁለት ቁራጭ ወረቀት አውጥተው አጠፉ፤ በቀለም የቆሸሸ ጣታቸው ነጩን እንዳይነካ ጠርዙን በነሱ ይዘው፣ ቁራጮቹን እንዳሉ መቆንጠጫው መካከል ከተው ሰቀሉት። ከትናንት ወዲያ ከተሰቀለው ጎን።

ሁለቱ መንታ ነበሩ። ሁለት መስቀል፣ ሁለት ደመና፣ አራት የታጠፉ ቁራጮች።

አጎትየው አዩትና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ኢንስፔክተሯ መስታወቱን ከግድግዳው አውርዳ ልጅቱ ያስቀመጠችውን ወረቀት ፊት ለፊቱ ያዘች። «ይህ ሁለተኛ ቅጂ ነው» አለቻቸው። «ወንድምዎ ለልጃቸው ሰጥተዋት ነበር።»

አጎትየው መስታወቱ ውስጥ አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የወንድማቸው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አሉ።

«በየትኛው ዕድሜ ላይ ነው ራስዎን ያወቁት?»

«በሩ የተከፈተ ጊዜ» አሉ። ድምፃቸው የሻከረ አልነበረም፤ እንዲያውም የቀለላቸው ይመስላሉ። «ያኔ ጨለማ ብቻ ነበር። ግን አወቅኩት። መዘውሩን የማዞረው እኔ ነኝ፣ ወረቀቱን የምገልጠውም እኔ ነኝ። በየጊዜው አንድ እርምጃ ወደፊት ያመጣኛል።»

«እሳቸው ምን ይሉ ነበር?»

«ምንም። ወረቀቱን ስገልጥ እሱ ወረቀቱን አያይም ነበር። እኔን ነበር የሚያየው።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ ቀለሙ ጉንጫቸው ላይ ቀረ። «እንድናገር ነው። ስንት ዓመት እንድናገር ጠበቀኝ። ያን ዕለት ሄድኩ፤ ‹ይብቃህ፣ ሰርዘው› አልኩት፤ ለመንኩት። መዳቡን ሰም ቀብቶ አዘጋጅቶ ነበር። ‹ነገ ፊቱን እሠራለሁ› አለኝ።»

ሬዲዮውን ከፍተው ነው የወጡት። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባላል፤ ወንድማቸው በሩን የከፈቱላቸው ያለ ምንም ጥርጣሬ ይሁን ሁሉን እያወቁ፣ አሁን የሚያውቅ የለም። ብረቱን ጠረጉ፣ ሰውየውን ከመዳቡ ላይ ፋቁ፣ ሰሌዳውን ሰረዙ።

«ሰርዘውት ትተውት ቢሄዱ እኮ ማንም አታሚ አይፈልግም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለምን አተሙት?»

አጎትየው ሁለቱን ወረቀቶች አዩ። «እኔ እንጃ» አሉ። «እጄ ነው። ሰሌዳ ተሰርዞ ሳይታተም አይተውም።»

ስለ ሴትዮዋ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ወንድማቸው ሊሞቱ ተቃርበው ነበር፤ በሽታው የሚጋባ ነው ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ሸሽቷል። ልጅቱ ጓሮ ስትጫወት እሳቸው በዚያ በር ሲገቡ የወንድማቸው ሚስት ሻንጣ ይዛ ልትወጣ ስትል አገኟት። ጥላው ልትሄድ ነው ብለው ደማቸው ፈላ። ሳያናግሯት ገፉዋት፤ የማተሚያው ብረት ጥግ ተቀበላት። ልብሷን በኋላ ከቁም ሳጥን አውጥተው አቃጠሉ።

«ሻንጣውን ከፍተው አይተውታል?»

«ለምን ብዬ?» አሉ አጎትየው። «አብሯት ነው የቀበርኩት።»

*

ማተሚያውን ለማንሣት ብዙ ሰው አስፈለገ። ሲሚንቶው ሲሰበር ኢንስፔክተሯ ልጅቱን ውጪ ልታቆያት ሞከረች፤ ልጅቱ ግን እምቢ ብላ ገባች፣ ከመስኮቱም ራቅ ብላ ቆመች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሲጠራ ለማየት ግን አንጀት ይጠይቃል። አጥንቱን በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት። ከጎኑ የቆርቆሮ ሻንጣ ነበር፤ ዝጎ ማጠፊያው ተጣብቋል።

ሃምሳ አለቃው በቢላዋ ከፈተው። ወጣቱ ምን እንደጠበቀ እንጃ፤ ወደ ውስጥ አየና ፊቱን አዞረ። ኢንስፔክተሯ በማይታዘዘው ጉልበቷ ተንበርክካ ልብሶቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ትንንሽ ቀሚሶች፣ ትንንሽ ካልሲዎች፣ አንዲት ሹራብ። ሁሉም የሕፃን ልብስ ነበር። የእናትየው አንድ ልብስ እንኳ አልነበረበትም።

«አልገባኝም» አለች ልጅቱ።

«በሽታው እንዳይይዝሽ ልታወጣሽ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ወደ ሴት አያትሽ ወይ ወደ ዘመድ፣ አንቺን። የራሷን አልያዘችም፤ እሷ ተመልሳ አባትሽን ልታስታምም ነው።»

ልጅቱ ከቀሚሶቹ አንዱን አነሣች። በቦታ ቦታው ሻግቷል፤ ስፌቱ ግን አልተፈታም። እንደ ልማዷ ገለበጠችና የታችኛውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች፤ የሰፊ ጣት ነውና መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ በሰፊው ታጥፎ፣ በሚፈታ ስፌት ላላ ተደርጎ ተሰፍቷል።

ስፌቱን ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ኢንስፔክተሯን አየቻት፤ ከአባቷ ሞት ወዲህ ያላለቀሰችው ልጅ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

«ሳድግ ጠርዙን እንድትለቅልኝ ነው» አለች። «ለሚመጣው ዓመት ትታልኝ ነው።»